«የጸሎቱን ገጽ ዘልዬ ጨረስኩት»

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

«የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። ሕግ ተምሬ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት በነገረ ፈጅነት እሠራለሁ። ጠዋት ሐረጎን እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ፤ የማነበውም በአብዛኛው ሚኒባስ ውስጥ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሜ ከሰዓት የሚገናኝ የንባብ ቡድን አለን። የመሠረቱት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። በቅርቡ አሜሪካ ያለች እህታቸው የላከችላቸውን አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ፎቶ ኮፒ አስደርገው አደሉን። ክርስቲያናዊ የፍርድ ቤት ታሪክ ነው። አንዲት መበለት አንድ ባለሀብት ትከሳለች። የባለሀብቱ ጠበቃ ወጣት አማኝ ነው፤ የራሱ ወገን ምስክር ችሎት ላይ በሐሰት መመስከሩን ይደርስበታል። ሲጸልይ ያድርና ውሸቱን የሚያጋልጠውን ወረቀት በጨለማ ሄዶ በባላጋራው ጠበቃ በር ሥር ያሾልካል። በማግስቱ ምስክሩ መስቀለኛ ጥያቄ ሲቀርብለት ተንበርክኮ ያለቅሳል፣ ይናዘዛል፣ እዚያው ጌታን ይቀበላል። ጁሪዎቹም ዳኛዋም እንባቸውን ይጠርጋሉ፤ መበለቷ ትረታለች። የወደድኩት አንድ ነገር ቢኖር ምስክሩ በዋሸ ቁጥር የሸሚዙን እጅጌ ቁልፍ የሚነካካው ነገር ነው።

«ተራዬ ሲደርስ የተሰማኝን ተናገርኩ። ጠበቃው የሠራው የሙያ ነውር እንደሆነ፣ እንዲህ ዓይነት ችሎት በምድር ላይ እንደሌለ፣ መጨረሻው ስብከት እንጂ ታሪክ እንዳልሆነ አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። አንዲት ጓደኛዬ ‹በሕግ ዓይን ሳይሆን በእምነት ዓይን አንብቢው› አለችኝ። ጋሼ ምንም አልተነፈሱም። እሳቸው በቦታ ክርክር ብዙ ዓመት ፍርድ ቤት የተመላለሱ ሰው ስለሆኑ ይደግፉኛል ብዬ ነበር። ስንለያይ ብቻ ‹እንግዲያው ለቤተ መጻሕፍታችን የሚለጠፈውን አስተያየት አንቺው ጻፊው› አሉኝ። ተቀይመው ይሁን አምነውብኝ አላወቅሁም።

«የሥራ ባልደረባዬ ሙስሊም ናት። መጽሐፉን ከጠረጴዛዬ ላይ አንሥታ ወሰደችና በሁለት ሌሊት መለሰችልኝ። ‹ችሎቱ ልብ ይሰቅላል። የጸሎቱን ገጽ ግን ዘልዬ ጨረስኩት፤ ምንም አልጎደለብኝም› ብላ ሳቀች። ፊቴ ሲለዋወጥ አይታ ‹አብሽሪ› አለችኝ። እኔ ግን እስካሁን ይከነክነኛል።

«ለእምነት የተጻፈን መጽሐፍ በአደባባይ መንቀፍ ነውር ነው? የሚለጠፈውን ምን ብዬ ልጻፍ? ስሜንስ ልጻፍበት?

«ነገረ ፈጇ፣ ከደሴ ሮቢት ሰፈር»

ነገረ ፈጇ እህቴ፣

ነውር አይደለም። ይህን በመጀመሪያ ልናገርና ልገላገል። ደራሲው የስብከት መጽሐፍ መጻፍ ይችል ነበር፤ የፍርድ ቤት ልብ ወለድ መጻፍን መረጠ። አንባቢውን በክስና በምስክር ‹አሁን ደግሞ ምን ይመጣ ይሆን› እያሰኘ ያን ሁሉ ገጽ የወሰደ ሰው፣ የክሱና የምስክሩ ነገር ሲጠየቅ ‹እኔ የጻፍኩት ለእምነት ነው› ብሎ ማምለጥ አይችልም። ውሸታም ምስክር ስለ ማጋለጥ የተጻፈ መጽሐፍ ራሱ መስቀለኛ ጥያቄ የሚፈራ ከሆነ ነገሩ ያስቃል።

ነገር ግን ቅዳሜ ዕለት ሦስት ክስ በአንድ ትንፋሽ አቅርበሻል፤ ሦስቱም እኩል አይቆሙም።

የሚወድቀውን ላስቀድም። «እንዲህ ዓይነት ችሎት በምድር ላይ የለም» ያልሽው በእኛ ሚዛን ለክተሽ ነው። በእኛ አገር ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም የሚመዝነው ዳኛው ነው፤ ጁሪ የሚባል የለንም። አንድ ጠበቃ ደሴ ላይ ተነሥቶ እጁን እያወናጨፈ ስለ መበለቲቱ ጎጆ ቢያወራ «ወደ ጭብጡ ይግቡ» ይባላል። አሜሪካ ውስጥ ግን ፍሬ ነገሩን የሚወስኑት ከሕዝብ መካከል የተመረጡ ጁሪ የሚባሉ ሰዎች ናቸው፤ በከባድ የወንጀል ክስ አብዛኛውን ጊዜ አሥራ ሁለት፣ በፍትሐ ብሔር አንዳንዴ እስከ ስድስት ዝቅ ይላሉ። ባለሱቁ፣ ሾፌሯ፣ ጡረተኛው እዚያ ተቀምጠዋል። ጠበቃው ትርኢት የሚያበዛው ለእነርሱ ስለሚናገር ነው። ደግሞም እኛ ለችሎት ትርኢት ባዕዳን አይደለንም። አያቶቻችን በበላ ልበልሃ ሲሟገቱ በነጠላ አጣጣላቸውና በዘንጋቸው ሳይቀር ነበር የሚከራከሩት፤ በማርና በበቅሎ ይወራረዱ ነበር፤ ሥራ የፈታውም ያልፈታውም ከቦ ይሰማቸው ነበር። ባልደረባሽን ሁለት ሌሊት እንቅልፍ የነሣት ጥማት ከባሕር ማዶ አልመጣም።

እርግጥ አሜሪካም ቢሆን አብዛኛው የፍትሐ ብሔር ክርክር ጁሪ ፊት ሳይቀርብ በስምምነት ያልቃል፤ በወንጀልም ከመቶ ጥፋተኞች ከዘጠና የሚበልጡት ድርጊቱን አምነው ነው የሚቀጡት። ይህ የልብ ወለድ ዘርፍ ሁልጊዜ የሚጽፈው ስለዚያ ብርቅ ቀን ነው። ለሌሎቹ ደራሲዎች የምንፈቅደውን ለዚህኛው አማኝ ስለሆነ ብቻ አንከልክለው።

የጠበቃው ጉዳይ ግን ይቆማል። እንዲያውም ካልሽው በላይ ይቆማል፤ ምክንያቱን ብቻ ላስተካክልልሽ። አንቺ የከሰስሽው የደንበኛውን ምስጢር አወጣ ብለሽ ይመስለኛል። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1983 ባጸደቀውና ክፍላተ ግዛቱ እንደየራሳቸው አሻሽለው በሚሠሩበት አርአያ ደንብ መሠረት፣ ያቀረበው ምስክር ለፍርድ ቤት መዋሸቱን ያወቀ ጠበቃ ዝም ማለት አይችልም። መጀመሪያ ደንበኛውን ለብቻው አነጋግሮ ውሸቱ እንዲታረም ይመክረዋል። ደንበኛው እምቢ ካለና ሌላ መንገድ ከጠፋ ለፍርድ ቤቱ ራሱ ያሳውቃል፤ ምስጢር ጠባቂነቱ እዚህ ላይ ለእውነተኛነት ግዴታው ቦታ ይለቃል። ስለዚህ የልጁ ጥፋት መናገሩ ላይ አይደለም፤ ተደብቆ መናገሩ ላይ ነው። ሕጉ የፊት ለፊቱን በር ከፍቶለት ሳለ ደራሲው በጨለማ በበር ሥር ላከው፣ ከዚያም ድፍረት ብሎ አመሰገነው።

እዚህ ላይ የቀረብን ነገር አለ፤ እኔን የሚቆጨኝም ይኸው ነው። እስቲ ያላነበብነውን ምዕራፍ አስቢው። ጠዋት ነው። ጠበቃው ደመወዙን ከሚከፍለው ባለሀብት ፊት ተቀምጧል። «ወይ እርስዎ ያርሙታል፣ ወይ እኔ ለዳኛዋ እናገራለሁ» ይላል። ሰውየው ስልኩን ያነሣል፤ ለማን እንደሚደውል እናውቃለን፤ የልጁ ሥራ፣ የቤት ኪራዩ፣ ስሙ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። እምነት ዋጋ የሚያስከፍለው እዚያ ክፍል ውስጥ ነበር። በበር ሥር የገባው ወረቀት ልጁን ምንም አላስከፈለውም፤ ማን እንዳስገባውም አልታወቀ። ሕጉ ለደራሲው የተሻለ ጭንቀት አዘጋጅቶለት ነበር፤ አልተጠቀመበትም።

(ስለ ሕግ ጥሰት ከተነሣ አይቀር፣ ሙሉ መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ አስደርጎ ማደልም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚወደው ነገር አይደለም። ይህን ለጋሼ አሁን አትንገሪያቸው፤ ላንቺ ብቻ ይሁን። የሚቀጥለውን መጽሐፍ ግን ጥቂት ቅጂ ገዝታችሁ እየተዋዋሳችሁ አንብቡ።)

ሦስተኛው ክስሽ፣ «ስብከት ነው» የሚለው፣ ትክክል ሆኖ ሳለ ደካማ ነው። ይህን ቃል ሁሉም ይለዋል፤ ከየትኛው ገጽ ላይ እንደተነሣ ግን የሚናገር የለም። ባልደረባሽ ካንቺ የተሻለ ተናግራዋለች። የጸሎቱን ገጽ ዘለለች፤ ምንም አልጎደለባትም። እኔ የክርስቲያን ልብ ወለድ ደራሲ ብሆን ከአንድ ጉባኤ ሙሉ ምስጋና ይልቅ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ግድግዳዬ ላይ እለጥፋት ነበር። ጸሎቱ ወጥቶ ታሪኩ ካልተናጋ፣ ጸሎቱ ታሪኩ ውስጥ አልነበረማ! ጠበቃው ባይጸልይም ወረቀቱን ማሾለክ ይችል ነበር፤ ምስክሩም ያለ እሱ ጸሎት ሊናዘዝ ይችል ነበር። ይህን ለማየት ደግሞ ሙስሊም መሆኗ የረዳት ይመስለኛል። አንቺና ጓደኞችሽ ከልማድ ብዛት ገጹን በአክብሮት አልፋችሁታል፤ እሷ ግን የሚጠብቃት ልማድ ስላልነበረ ታሪኩን ብቻ ተከተለች። በደሴና በኮምቦልቻ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ መጽሐፍ መቼም ባለቤቱን ብቻ አይጠብቅም፤ እንኳንም አልጠበቀ።

አሁን ከመጽሐፍ ቅዱስ መጽሐፈ ሶስናን አውጪ። ሰማንያ አሐዱው ውስጥ ነው፤ ቤትሽ ያለው ስድሳ ስድስቱ ከሆነ ከጎረቤት ተዋሺ፣ ሮቢት ውስጥ አይጠፋም። ሁለት ሽማግሌዎች፣ ያውም ዳኞች፣ አንዲትን ባለትዳር ሴት ይመኛሉ። እምቢ ስትላቸው «ከጎልማሳ ጋር በዛፍ ሥር አገኘናት» ብለው ይመሰክሩባታል። ሕዝቡ የሽማግሌነታቸውንና የዳኝነታቸውን ክብር አይቶ ያምናቸዋል፤ ሞት ይፈረድባታል። ወደ እግዚአብሔር ትጮኻለች። እግዚአብሔር ይሰማትና የወጣቱን የዳንኤልን መንፈስ ያነሣሣል። ዳንኤል ግን ሰማይ እስኪከፈት አይጠብቅም። ጉባኤው ወደ ችሎት እንዲመለስ ያደርጋል፣ ሁለቱን ምስክሮች ይለያያቸዋል፣ ለየብቻ አንድ ጥያቄ ይጠይቃቸዋል፦ «በየትኛው ዛፍ ሥር?» አንዱ አንድ ዛፍ ይጠራል፣ ሌላው ሌላ።

ጩኸቷን ብታወጪው ማንም አይነሣም፤ ሴትዮዋ ትገደላለች። የዛፉን ጥያቄ ብታወጪው ደግሞ የአንድ ወጣት ልጅ ቃል በሁለት ዳኞች ቃል ላይ ይቀራል፤ ሕዝቡ የትኛውን እንደሚመርጥ አስቀድሞ አሳይቶናል። አንዱንም መዝለል አይቻልም። ስንት ዘመን ያስቆጠረ፣ በአንድ መቀመጫ የሚያልቅ ታሪክ ይህን ካሟላ፣ ከዘመኑ ደራሲም ይህንኑ መጠበቅ እምነት ማነስ ሊባል አይችልም።

ስለ መጨረሻውም እንደዚሁ። ጓደኛሽ «በእምነት ዓይን» ስትል መበለቲቱ መርታት ነበረባት ማለቷ ይመስለኛል። በ1ኛ ነገሥት 21 ላይ ንጉሡ የወይን ቦታውን የተመኘበት ናቡቴ አልረታም። ንግሥቲቱ ኤልዛቤል በንጉሡ ማኅተም ደብዳቤ ጻፈች፣ ጾም ታወጀ፣ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ ሕጉ እንደሚለው ሁለት ምስክር ቀረበ፤ ሥርዓቱ አንድም ሳይጎድል ንጹሕ ሰው ተወገረ። ነቢዩ ኤልያስ የመጣው ከሞቱ በኋላ ነው። ጳውሎስም ወደ ቄሣር ይግባኝ አለ፣ መርከቡ በባሕር ላይ ተሰብሮበት ሮም ደረሰ፤ የሐዋርያት ሥራ ግን በተከራየው ቤት ሁለት ዓመት መቀመጡን ነግሮን ያበቃል። ፍርዱን አናነብም። እነዚህን የሚያነብ ጉባኤ ዳኛዋ እንባዋን የምትጠርግበትን መጨረሻ «ትንሽ ቸኮለ» ቢል ማንንም አይጎዳም። ጓደኛሽን በዚህ አትሟገቻት፤ ይልቅ በእምነት ዓይን አንቺ ያላየሽውን የቱ ገጽ ላይ እንዳየች ጠይቂያት። ገጹን ካሳየችሽ አንቺ አተረፍሽ።

ወደ ጋሼ ልምጣ።

ደብዳቤሽን ሳነብ በጣም የቆምኩት አንቺ በግማሽ ዓረፍተ ነገር ያለፍሽው ላይ ነው፤ ብዙ ዓመት ፍርድ ቤት ተመላልሰዋል ያልሽው ላይ። አንቺ ያነሣሽው ይደግፉኛል ብለሽ ነው። እኔ ደግሞ እኒህ ሰው ፋይላቸውን በፌስታል ጠቅልለው ከችሎት ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ይታየኛል። ስማቸው እስኪጠራ ይጠብቃሉ፤ ሲጠራ ይገባሉ፤ «ለሌላ ቀን ተቀጥሯል» ይባላሉ፤ ይወጣሉ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ዳኛው ተቀይሯል። እንዲህ የኖረ ሰው ዳኛ ከመዝገቡ ቀና ብላ ባለጉዳይዋን የምታይበትን ገጽ ሲያገኝ የሥነ ሥርዓት ስሕተት አይፈልግም። አንቺ በመጽሐፉ ውስጥ ጠበቃውን ነበር የተከተልሽው፤ እሳቸው መበለቲቱን። ለዚህ ነው አንድ መጽሐፍ አንብባችሁ በሁለት መጽሐፍ የተጣላችሁት።

ይህ ማለት መጨረሻው ጥሩ ነበር ማለት አይደለም። አልነበረም። «መጽሐፉ በደንብ ተሠርቷል ወይ?» እና «መጽሐፉ ለእኔ ምን አደረገልኝ?» ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ ቡድናችሁ ግን ለሁለቱም አንድ መልስ እንዲሰጥ የተገደደ ይመስላል። ጋሼ የሁለተኛውን መልስ ይዘው መጥተው ነበር፤ አንቺ በመጀመሪያው ቀደምሻቸው፣ ያውም የእጅጌውን ቁልፍ ሳትጠቅሺ። ያን ቁልፍ ለእኔ ጻፍሽልኝ፤ በዚያ ቅዳሜ ግን አላነሣሽውም። መጽሐፉን መርጠው ላመጡት ሰው ይህች ትንሽ ነገር ብዙ ናት።

«አንቺው ጻፊው» ማለታቸው ቂም ነው ብዬ አላምንም። የተቀየመ መምህር አስተያየቱን ራሱ ይጽፈው ነበር። ትንሽ እልህ ይኖርበት ይሆናል፤ ግን አደራም ነው።

ከመጻፍሽ በፊት ቤታቸው ሂጂ። በስልክ አይሆንም፤ ቅዳሜም ሰው ፊት አይሆንም። የራስሽን ቅጂ ይዘሽ ሂጂና የእሳቸውን እንዲያሳዩሽ ለምኛቸው፤ ጡረታ የወጣ መምህር በእርሳስ ሳያሰምር አያነብም። የት የት እንዳሰመሩ እዪ። ቡና ይፈላል፤ ነገሩን አቦሉ ላይ አታንሺው፣ ለቶናው አቆዪው። «ተቀየሙኝ ወይ?» አትበያቸው፤ ወግ ያለው ሰው «ኧረ በጭራሽ» ከማለት ሌላ ምን ይመልሳል? «ይህን ለምን አሰመሩበት?» በያቸው። ምናልባት ስለ ቦታው ክርክር ያወሩሽ ይሆናል። ካወሩሽ አዳምጪ፤ እባክሽ ነገረ ፈጅ አትሁኚባቸው። «የይግባኙ ጊዜ አልፏል እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ከአፍሽ እንዳይወጣ፤ እሳቸው ምክር ከጠየቁሽ ብቻ ሌላ ቀን ቀጥሪላቸው።

አስተያየቱን እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፤ እንደ ወደድሽ ለውጪው፦

«ልብ ወለዱ አንዲት መበለት በአንድ ባለሀብት ላይ ያቀረበችውን ክስ ይተርካል። የችሎቱ ክፍሎች እንቅልፍ ይነሣሉ፤ በተለይ እጅጌው ላይ ያለውን ቁልፍ የሚነካካውን ምስክር ልብ በሉ። ጠበቃው ወረቀቱን በበር ሥር የሚያሾልክበት ምዕራፍ ግን አላሳመነኝም። የአገሩ የጠበቆች ደንብ በግልጽ እንዲናገር ያዘዋል፤ ደራሲው ያን ከባድ ንግግር ቢጽፈው ኖሮ የልጁን እምነት እናየው ነበር። ጸሎቱን ከታሪኩ ነጥሎ ማንበብ መቻሉም እንደ ጉድለት ተሰምቶኛል። መጨረሻው ለእኔ ፈጥኖብኛል፤ በቡድናችን ውስጥ በዚሁ መጨረሻ የተጽናኑ አንባቢዎች አሉ፣ እነርሱንም ጠይቁ። አንብቡት፤ ከዚያ በፊት ግን ሶስናን አንብቡ።»

ይህን ያህል ይበቃል። «ድንቅ» ወይም «ቆሻሻ» የሚሉ ቃላት አታስገቢ፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የቆመ ሰው የሚፈልገው መጽሐፉን ይዞ ይሂድ ወይስ ይተወው የሚለውን ነው። አንድ ነገር ግን ጨምሪ፦ ጋሼን ስታነጋግሪያቸው ሐሳብሽ ከተለወጠ የተለወጠውን ጻፊ፤ ካልተለወጠ ደግሞ ቡናቸውን ስለጠጣሽ ብቻ አታለዝቢው። የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች በሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ በሚኒባስ ውስጥ ከሆነ ያነበብሻቸው ግን ቤትሽ ተቀምጠሽ አንድ ጊዜ ድገሚያቸው። በዚያ መንገድ ላይ የተነበበ ጥሩ መጽሐፍም ቢሆን ያጥወለውላል።

ስምሽን ጻፊበት። ጠበቃውን በበር ሥር አሾለከ ብለሽ ከስሰሽ ራስሽ ስም የሌለው ወረቀት ግድግዳ ላይ ብትለጥፊ አያምርም።

የባልደረባሽን ቃል ከላይ እንዳደረግሁት በዘወርዋራ ከምትጠቅሺው አስፈቅደሻት በቀጥታ ብትጠቅሺው እመርጣለሁ፤ ሐሳቡ የሷ ነው። እምቢ ካለች ግን ያን ዓረፍተ ነገር አውጪው። ቅዳሜ ካልመጣሽ ብለሽም አታስጨንቂያት፤ ስለ ሶስና የምትለው ካላት ኮምቦልቻ ላይ በምሳ ሰዓት ትንገርሽ።